ራስ ምታት

ኪሊንጦን አልፎ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
በጋው ሲሆን አቧራ፣ ክረምት ሲሆን ጭቃ፣
ባጃጅ ዞሮ ሚመለስ ከቢጫው ግንብ ሥር፣
ክሊኒክ አለን፣ ባለ ሦስት በር።
አንዱ የሲስተር ወይንሸት፣ አንዱ የመድኃኒት፣
አንዱ የኔ፦ ካርድ ክፍል፣ ባለ አንድ መስኮት።
ቀዳዳዋ ጠባብ፣ መስታወቷ ወፍራም፣
ሹክ ያሉት አይገባም፣ ሹክ ያልኩት አይወጣም።
ስለዚህ እጮሃለሁ፦
«ስም! የአባት ስም! መታወቂያ አሳዪ!
ምንሽን ነው ያመመሽ? ከመቼ? ጮክ በዪ!»
ኳስ ሲራገጥ ውሎ፣ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮ፣
አግዳሚው ላይ ያለው ተሜ ሁሉ ጆሮ።

እና አሥራ አንድ ዓመት፣ በዚያች መስኮት ፊት፣
የሴት ተማሪ ሁሉ ሕመሟ አንድ ዓይነት፦
«ራሴን።»
የወር አበባዋ ስድስት ሳምንት የዘለላት፣
ውኃ ሽንት በመጣ ቁጥር እንደ እሳት ያቃጠላት፣
የኪኒኑን ስም ከጓደኛ ሰምታ ልክ መሆኑን ልትጠይቅ የመጣች፣
ምንም ሳይኖርባት ማወቅ ብቻ የፈለገች፣
«ራሴን» ብላ ካርድ አወጣች፣
ፓራሲታሞል ይዛ ወጣች።

እኔም መዝገቤ ላይ ጻፍኩ።
የዓመቱን ሪፖርት ዲኑ አንብቦ ሳቀ፣
«ልጆቹ ጥናት በዝቶባቸው ነው» ብሎ አጸደቀ።

ሲምቦ ደጀኔ ግን፣
የሁለተኛ ዓመት፣ ቅየሳ የምትማረው፣
ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ተሸክማ ሜዳውን የምትለካው፣
በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ መጣች።
ሦስቴም «ራሴን» አለች።
በሦስተኛው ቀን ቀና ብዬ አየኋት።
እጇ ሆዷ ላይ ነበር።
አየሁት። ምን ልበል? ሰልፉ ረዝሞ ነበር።
«ቀጣይ!» አልኩ።

ኋላ ነው የሰማሁት፣ ከዶርም ጓደኛዋ ከመክሊት፦
ቃሊቲ ድረስ በሁለት ታክሲ፣ ማንም በማያውቃት መድኃኒት ቤት፣
«ባለትዳር ነሽ?» ብሎ ጠየቃት አሉ ሰውየው።
መልሱ ምን ሊያደርግለት ነው?
ከዚያ ወዲያ ያለውን መክሊት አልነገረችኝ፣ እኔም አልጠየቅሁ።
በሁለተኛው ሴሚስተር አልጋዋ ላይ ሌላ ልጅ ተመደበች።
ካርዷ ግን እኔ ዘንድ ቀረ፣
በኔው እጅ ጽሑፍ፣ በሰማያዊ ቀለም፦
ራስ ምታት።
ራስ ምታት።
ራስ ምታት።

ለሲስተር ወይንሸት አሳየኋት፣ ዝም ብላ አየችው፣
ወንበር አምጥታ ወጣችበትና መስታወቱን ፈታችው።
ደብዳቤማ ጽፈን ነበር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣
«በጀት ሲገኝ ይታያል» ነበር መልሱ ሁሉ።
አግዳሚውን አውጥተን ከባሕር ዛፉ ጥላ አዞርነው፣
የተሰበረ ወንበርና የሞተ ኮምፒውተር የሞላበትን ክፍል አራግፈን አጸዳነው።
መቀርቀሪያ ገዛሁለት፣ ከውስጥ የሚዘጋ።
መጋረጃው የሳሎኔ ነው፣ አበባው ትንሽ የለቀቀ፣
ባሌ ሲጠይቅ «ታጥቧል» አልኩት፣ እስካሁን አልደረቀ።

ስም መጥራት ቀረ፤ ከካርቶን ቁጥር ቆርጬ እሰጣለሁ።
ረቡዕና ዓርብ ከክፍል በኋላ፣ እስኪመሽ እንከፍታለን፣ አበል የለውም።
ኪኒኑ ከጤና ጣቢያ ነው የሚመጣው፣
ወሩ ሳያልቅ የሚያልቅበት ጊዜ አለ፣ አልዋሽም።
ዘበኛው ጋሽ ቶሎሳ ሰልፉን እያየ
«እነዚህ ሴቶች ደግሞ ምናቸውን ነው?» ይለኛል።
«ራሳቸውን» እለዋለሁ።
ይህን ስል ግን አሁን ሌላ ነገር ይሰማኛል።

ትናንት አንዲት ፍሬሽ መጣች፣
ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ።
መስታወት የለም፣ ቀዳዳ የለም፣ እኔና እሷ።
«ራ...» ብላ ጀመረች።
ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋሁላት።
ብዙ ጻፈች። አንዱን ቃል ሰረዘች፣ መልሳ ጻፈችው።
አጥፋ ስትሰጠኝ፣ ቀስ ብላ፣
«ራሴንም ግን ያመኛል» አለች።
«እሺ» አልኳት፣ «እሱንም።»